ጨው የላሰችው ላም

ሽንኩርት አብቃዩ ጎረቤቴ፣ ላሙ ከደረቁ ወንዝ ዳር ነጭ አፈር ስትልስ ባየ ጊዜ ደስታው ልክ አልነበረውም። «እግዜር ለከብቶቼ ጨው አወጣልኝ» እያለ መንደሩን አደነቆረው። እኔም ቀናሁበት፤ የእኔዋ ላም ከእኔ ጫማ በቀር የምትልሰው አልነበራትማ።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቴ ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። የሽንኩርቱም ጫፍ እሳት የነካው መሰለ፤ የጉድጓዳቸው ውሃ ላምባ ላምባ ይሸት ጀመር። ሚስትየው እርጉዝ ናት፤ ከዚያ ሌላ የሚጠጣ ውሃ የላቸውም። «የሚሸተው ገመዱ ነው» አለች፤ ባልም አመነ። ሰው የገዛ ጉድጓዱን አይጠረጥርም።

ላሟን ለመቅበር ስንጎትት፣ እሱ ዶማ ተሸክሞ እኔ እያለከለክሁ፣ ወንዙ ዳር ስንደርስ ቦቴ መኪና ቆሟል። ወፍራሙ ቱቦ አሸዋው ላይ ይተፋል። የጎማው ጥላ ሥር ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካው የጎረቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ነዳጅ ቁፋሮ ጣቢያው ሹፌር ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ክላክስ ስለሚያበዛ «ጥሩምባ» ነው የምንለው።

«አንተ! ምንድን ነው የምትደፋው?» አለ ጎረቤቴ።

«ውሃ ነዋ፣ ጋሼ። ከነዳጁ ጋር የሚወጣ ጨዋማ ውሃ። ምንም አይልም።»

«እዚህ ድፋ ያለህ ማነው?»

«መድፊያው ተራራውን ዞሮ ነው። ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል? አሸዋው ይጠጣዋል እኮ!»

«ከአሸዋው ሥርስ ማን ይጠጣዋል?»

ጥሩምባ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

የዶማው ጀርባ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ። ተንከባለለና ከመኪናው ሥር የጎማ መፍቻ ብረት አንሥቶ የወንድሙን መንጋጋ አገኘው። አንድ ጡት የጠቡ ሰዎች በሞተች ላም ላይ ወድቀው ተናከሱ። «ኧረ በእናታችሁ!» ብዬ መሃል ገባሁ። ለገላጋይም ድርሻ አይጠፋም፤ የማን እንደሆነ ያላወቅሁትን ክርን በአፌ ተቀብዬ የፊት ጥርሴን አሸዋው ላይ ተፋሁት። ታላቅየው ጥሩምባን በጸጉሩ ይዞ ግንባሩ እስኪተለተል ከጎማው ብረት ጋር ያላትመው ጀመር።

ሚስትየው ጩኸቱን ሰምታ ከታች ከነባልዲዋ እየሮጠች ደረሰች።

«በቃህ! ልትገድለው ነው?» ብላ ባሏን ገፈተረችው። ሻሿን ፈትታ ባልዲው ውሃ ውስጥ ነከረች። «አይዞህ ዋርሳዬ፣ ደሙን ልጠብልህ።»

ጥሩምባ ደም የሞላውን ዓይኑን በግድ ገለጠ።

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከጉድጓዳችን ነዋ።»

«አታስነኪኝ! በእሱ ቁስል አይታጠብም! መርዝ ነው!»

ሚስትየው ሻሿን ለቀቀችው። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔ ስጠጣው ግን ዝም አልክ» አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ባልዲውን በሁለት እጇ አንሥታ ፊቱ ላይ አወረደችው። ጥሩምባ ተዘረረ፤ ያንኮራፋል እንጂ አይናገርም።

ቱቦው ትዝ ያለን ያኔ ነው። እኛ ስንደባደብ እሱ ሥራውን አልፈታም፤ አሸዋው ጠግቦ ውሃው ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ መንገድ ጀምሯል።

«ዝጋው!» አለኝ ጎረቤቴ።

ከመኪናው ኋላ ያለውን መዘውር ያዝሁና ብዙ አዞርሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። አዘጋጉን የሚያውቀው ሰው አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ተነሥ!» እያለ ጎረቤቴ ወንድሙን በጥፊ አጮለው። «ተነሥ፣ የእናቴ ልጅ! ገደልኩህ እንዴ? ተነሥና ዝጋልኝ!»

ዶማውን አነሣ።

«ተው!» አልሁ፤ ጥርስ የሌለውን አፍ ማን ይሰማል?

ዶማው አረፈ፤ መዘውሩ ከነአንገቱ ተነቀለ። የመኪናው ሆድ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ውሃው ጎረቤቴን ከእግሩ አንሥቶ ጣለው። እኔና ሚስትየው ጥሩምባን በእጅና በእግሩ ይዘን ወደ ዳር ጎተትነው። ላሟ ግን ከነገመዷ ተንሳፈፈች፤ እየተገላበጠች፣ ነጭ አረፋ ለብሳ፣ ቀድማን ወረደችና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተወተፈች።