የተዋጡት ሦስት ፊደላት

“አቶ ማርቆስ ቢኖሩ ኖሮ ምላጩን ከእጅህ ይነጥቁህ ነበር! ወይዘሮ የሺወርቅ ቢሆኑ ደግሞ ከድምፅ ክፍሉ አስወጥተው በሩን ይቆልፉብህ ነበር!”

አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ሲሉ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ ከወለሉ ጋር አጋጩት። ዮአብ ላፕቶፑ ፊት እንደተቀመጠ ዞር አለ።

“ጋሼ፣ አሁን እኮ ምላጭ የለም። ሁሉም በማውስ ነው።”

“እሱ ነዋ ጉዱ! ምላጭ ቢሆን ጣትህን ሲቆርጥህ ታስብ ነበር።”

አቶ ወንዳፍራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በራዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴፕ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን በስም ያነሷቸው ሁለቱ ሰዎች ሙያውን ያስተማሯቸው ነበሩ። ሰበታ ካለው ግቢያቸው የፊቱን ክፍል ዮአብ ተከራይቶ የቪዲዮ ስቱዲዮ ከከፈተበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሠርግ ፊልሙንና የመዝሙር ክሊፑን ሲሠራ አልፎ አልፎ ከማጉረምረም በቀር ጣልቃ ገብተውበት አያውቁም። የዛሬው ግን የሚታለፍ አልሆነም።

በሩ አጠገብ ኦቦ ዱጉማ ተቀምጠዋል፤ ከከተማው ዳር የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 2008 ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ የአዲስ አበባን ወሰን ወደ ገበሬው መሬት ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሲናገሩ ዮአብ ቀርጿቸዋል። ቪዲዮው ትናንት በስብሰባው አዳራሽ ለሕዝብ ታየ።

“ዛሬ ጧት ጎረቤቴን ‘አካም ቡልተኒ’ ብዬ ሰላም ብለው ፊቱን አዞረብኝ” አሉ ኦቦ ዱጉማ። “ወጣቶቹ ‘መሬት ሻጭ’ ብለው ደጄ ላይ ድንጋይ ቆልለዋል። ነገ እሳት ይዘው ይመጣሉ። እኔ እንዲያ አላልኩም!”

“ዮአብ፣ ያልተነካውን ቅጂ ክፈት” አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

የኦቦ ዱጉማ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። “በመሬቴ ጉዳይ፣ እኔ…” ረዥም ሳል ተከተለ። “አልተስማማሁም።” ከዚያ አዳራሹ ጸጥ አለ።

“አሁን ያንተን።”

“በመሬቴ ጉዳይ፣ እኔ… ተስማማሁ…” የዋሽንት ዜማ ገባ፤ በላዩም ላይ የሞቀ ጭብጨባ።

የዮአብ ጆሮ ቀላ። “ሳሉን ብቻ ነው የቆረጥኩት። ቁርጡ ላይ ድምፁ ጠቅ እንዳይል ትራንዚሽን አደረግሁበት፤ አንዱ ድምፅ እየወረደ ሌላው ቀስ ብሎ ይወጣል። መጨረሻውንም እየደከመ ወደ ሙዚቃው እንዲገባ አደረግሁት። ሁሉም ቁርጥ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚጫነው፣ ጋሼ። አንድ ሰከንድ ብቻ ነው።”

“አንድ ሰከንድ!” አቶ ወንዳፍራሽ ጮኹ። “የአማርኛ እምቢታ ራስም ጅራትም አለው፤ ‘አል’ ብሎ ይነሣል፣ ‘ም’ ብሎ ይዘጋል። አንተ ራሱን በመግቢያው፣ ጅራቱን በመውጫው ውጠህ እሺታ አደረግኸው! ጭብጨባውንስ ከየት አመጣኸው? አዳራሹ ውስጥ ማን አጨበጨበ?”

“ማንም። ኢፌክት ነው፤ ከፕሮግራሙ ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ዝም ሲል ቪዲዮው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ…”

ኦቦ ዱጉማ ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ሳቁ። “አይዞህ፣ አይቀዘቅዝም። ቤቴ ሲነድ ይሞቅልሃል።”

ዮአብ ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መልሶ፣ “አስተካክዬ አዲሱን ለስብሰባው አዘጋጆች አሁኑኑ እልካለሁ። ማንም ሳያውቅ ይተካል” አለ።

“ማንም ሳያውቅ?” አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። “ስማቸውን በአደባባይ አጥፍተህ በጓሮ ልትመልስ?”

“ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ! በዚህ ሰሞን ሰፈራቸው ሄጄ ‘ያበላሸሁት እኔ ነኝ’ ብል ምን ያደርጉኛል? መንገዱ ዓለም ገና ከተማ ላይ በሚነድ ጎማ ተዘግቷል፤ ሚኒባስ እንኳ የለም።”

ፍርሃቱ እውነት መሆኑን አቶ ወንዳፍራሽ ያውቃሉ። ይህም ይበልጥ አናደዳቸው።

ኦቦ ዱጉማ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። “ና አላልኩህም። ያልኩትን በጆሮዬ ሰማሁ፤ እብድ አለመሆኔን አወቅሁ። ይበቃኛል።” ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

ዮአብ ከግቢው በር እስኪወጡ በዓይኑ ተከተላቸው። ከዚያ ድንገት ተነሥቶ ገመዱን ነቀለ፤ ላፕቶፑን በቦርሳ፣ ስፒከሩን በብብቱ ይዞ አቶ ወንዳፍራሽን አልፎ ሮጠ። ሽማግሌውን አስፋልቱ ዳር ደረሰባቸው።

“ኦቦ ዱጉማ፣ ይቆዩኝ! ‘ተሳስቻለሁ’ በኦሮምኛ እንዴት ይባላል?”

ኦቦ ዱጉማ ቆመው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። “ለእኔ በአማርኛ ይበቃኛል።”

“ለጎረቤቶችዎ ነው።”

“ዶጎጎሬራ” አሉት፣ ቃሉን ቀስ አድርገው።

“ዶጎጎሬራ” አለ ዮአብ።