ሁሉም ላይ ቀይ የበራ ዕለት

ማክዳ ደስ ሲላት አፏ አይዘጋም። ያን ዕለትማ የእህቶች ጾም ጸሎት የሚያበቃበት ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ሶዶ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ቆማ የሳሙና መያዣ የምታክል ሳጥን ታወዛውዛለች።

«መርፌ የለ፣ ደም የለ! በዚች ቱቦ እፍ ማለት ብቻ! ቀይ ከበራ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ቤት መታየት ነው!»

እሷና የክፍል ጓደኛዋ ኤልሳዕ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ፣ ሽታ ከሚለይ ርካሽ ሴንሰር የሠሯት ናት። የስኳር በሽተኛ ትንፋሽ አንዳንዴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል ሲባል ሰምተው፣ ያንን ሽታ እንድትይዝ አደረጓት። ስኳር በባዶ ሆድ ነው የሚለካው ሲባልም ሰምታለች። ታዲያ ከጾመኞቹ የተሻለ ባዶ ሆድ ከየት ይመጣል?

ከሁሉም በላይ የፈለገችው ግን አክስቷን ቦሼን ነበር። ቦሼ ሰሞኑን ውሃ አያረካትም፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል። መርፌ ደግሞ ስሙን ስትሰማ ራሱ ትንቀጠቀጣለች።

ቦሼ እፍ አለች። ቀይ።

«ወይ ጌታዬ! በቃ ይውጉኝ። ነገ ኦቶና ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

ማክዳ ልትዘል ምንም አልቀራት። በስንት ልመና እምቢ ያለች ሴት እኮ ናት!

ቀጥሎ ከጾመኞቹ አሳየሽ ነፋች፤ ቀይ። ምሕረት፤ ቀይ። ከዚያ ወዲያ የነፋው ሁሉ ቀይ!

«ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ የሚለካው ኃጢአት ነው መሰለኝ!» አለች አሳየሽ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማክዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማታ ለክበቡ አስተማሪ ለሀብታሙ ደወለች።

«አይ ማክዳ፣ ጾመኛ ላይ? የተራበ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ትንፋሹ ያንኑ ሽታ ያመጣል። እስኪበሉ ቆይተሽ ድገሚው።»

ድገሚው የሚለውን መች ሰማች! እየሮጠች ቦሼ ቤት ገባች። ቦሼ ጾሟን ፈታ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሻይ እየበላች ነበር።

«አክስቴ! ጾሙ ነው! ደህና ነሽ፣ ምንም የለብሽም!»

«እሰይ! መርፌው ቀረልኛ!»

ተቃቅፈው ጨፈሩ። ሳጥኗ እዚያው ማክዳ ቦርሳ ውስጥ ነበረች። በማግስቱ ምሳዋን ስትበላ ጠብቃ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብታስነፋት ምን ነበረበት!

በሌላው ሳምንት ባሏ ሶርሳ ራሷን የሳተችውን ቦሼን በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳት። ስኳሯ ጣሪያ ነክቶ ነበር።

ማክዳ ልትጠይቃት ስትገባ ቦሼ ነቅታለች። ክንዷ ላይ የሚንጠባጠብ የጨው ውሃ ተተክሏል፤ እሷ ግን አጠገቧ ለተኛችው ሴት ታወራለች።

«ይቺ ናት ያልኩሽ! መርፌ የሌለበት መመርመሪያ የሠራችው! እኔን ቀይ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ልክ ነው!»

«አክስቴ፣ ተዪ በናትሽ።»

«ምን ተዪ ትለኛለች! የምን ማፈር ነው?»

ማክዳ ‹ልትሄጂ ነበር፤ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ› ልትል አፏን ከፈተች። ያ የማይዘጋ አፍ ግን «ውሃ ላምጣልሽ?» አለ።

ነርሷ ኢንሱሊኑን ይዛ መጣች። ከእንግዲህ ቦሼ በየቀኑ ልትወጋ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና የማክዳን እጅ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ማክዳ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«እንዴ፣» አለች ቦሼ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «የሚወጉት አንቺን ነው እንዴ?»