የቶራ የልደት ባንዲራ

የቶራ ትከሻ ተሰብሮ ከዳነ ቆይቷል፤ ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለምን ትበል? ዴንማርክ ውስጥ ዕቃ ከመደርደሪያ በገዛ እጅህ ካወረድህ "ራስህን ችለሃል" ይሉህና ማዘጋጃ ቤቱ የሚልክልህን ረዳት ይወስዱብሃል። የቶራ ረዳት ቤንተ ናት። ቤንተ ቤቱን እየጠረገች የመንደሩን ሐሜት ሁሉ ታራግፋለች፤ ቶራ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትስቀው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ አቅሟን የሚለካ ፈታኝ ከማዘጋጃ ቤቱ በመጣ ቁጥር ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ "ወይኔ!" ትላለች።

የዛሬው ፈታኝ ላውሪትስ ይባላል፤ አረጋውያን ያለ ሰው እርዳታ እንዴት እንደሚኖሩ እያጠና፣ በሌላው ብቸኝነት ዶክተር ሊባል የተቃረበ ወጣት።

"እማማ ቶራ፣ እስኪ ያንን ስኒ ከላይ ያውርዱልኝ።"

"አንተ ጎረምሳው ቆመህ?"

"የምለካው እርስዎን ነዋ!"

"እንግዲያው ለካ። ወይኔ ትከሻዬን!"

ላውሪትስ አዝኖ ነጥብ ቀነሰ። ቶራ በሆዷ ሳቀች።

ዕለቱ ግን ልደቷ ነበር። ጠዋት ቤንተ እንደ አገሩ የልደት ልማድ ግቢው ውስጥ ባለው ምሰሶ ላይ ባንዲራ ሰቅላላት፣ "ማታ መጥቼ አወርደዋለሁ" ብላ ሄዳለች። ላውሪትስ ስለ ገላ መታጠብ ይጠይቃል፤ የቶራ ዓይን መስኮቱ ላይ ነው። ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣራ በታች እየወረደች ነው፣ ቤንተ የለችም። ባንዲራን ደግሞ ጨለማ ሊያገኘው፣ መሬትም ሊነካው አይገባም። ቶራ ለግብር ሰብሳቢ ዋሽታ ታውቃለች፣ ለቄስም ዋሽታ ታውቃለች፤ ባንዲራ ግን አስመሽታ አታውቅም።

"ፀጉርዎንስ ማበጠር..." ብሎ ላውሪትስ ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው።

ቶራ ሻሿን ሶፋው ላይ ጥላ ወጥታለች። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ ገመዱን ሳበች፤ ያን ሁሉ ጨርቅ መሬት ሳታስነካ ደረቷ ላይ ሰብስባ አጠፈችው። ዞር ስትል ላውሪትስ በሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል።

"እማማ ቶራ! ከእንግዲህ እኮ ማንም አያስፈልግዎትም!"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ባንዲራው ሊመሽበት ስለሆነ ነው..." አለች፤ የሚሰማት አልነበረም።

ቤንተ ብስክሌቷን እየገፋች፣ እያለከለከች ደረሰች። "ቶራዬ፣ ጎማዬ ተንፍሶ ነው! ማን አወረደው?"

"እሳቸው ራሳቸው!" አለ ላውሪትስ። "እንኳን ደስ አለሽ፣ እዚህ ያለሽ ሥራ አለቀ።"

ቤንተን ሌላ ከተማ መደቧት። ላውሪትስ ዶክተር ሆነ። በሚቀጥለው ልደቷ ቶራ ባንዲራውን ራሷ ሰቀለች፣ ሳይመሽ ራሷ አወረደች። በመሐል ማንም አልመጣም።