ማድ ቤት ተብሎ የተመዘገበው

ባንቺዓለም እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳቱ ላይ ጨመረችና ጭሱ ሲያፍናት ወደ በሩ ሸሸች። ከጠዋት ጀምሮ የምታጨሰው የምታድርበትን ቤት ነው። ለእንቁጣጣሽ በነጭ አፈር የለቀለቀችው ግድግዳ ጣራው ሥር ጠቁሯል፤ ከወገብ በታች ያለው ግን እምቢ ብሏል።

"እትዬ፣ ታችኛውም ይጥቆር እንጂ" አላት ወንድሟ ኃይለ ጊዮርጊስ ከውጭ ሆኖ።

"ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ምን ላድርገው?"

ይህን ብላ ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ታችኛውን ግድግዳ ትቀባው ጀመር።

የወንድሟ የቢቸናው ቤት ሊሸጥ ነው። ከምሳ በኋላ የማዘጋጃ ቤት ገማቾች ይመጣሉ። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚገመተው ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ ነውና ትልቁ ቤት ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲኳል ሰነበተ። የሚያፈሰው ቆርቆሮ በሬንጅ ተደፈነ፣ የአቡጀዲው ኮርኒስ ወርዶ ታጠበ፣ በሩ በዘይት ታሸ። ጓሮ ያለው ትንሹ ቤት ግን ማማር የለበትም። በ1967 ሲመዘገብ ማድ ቤት ተብሎ ነው፤ ያኔ እውነትም ማድ ቤት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባንቺዓለም ባሏ ሞቶባት ከየጥኖራ ስትመጣ ኃይለ ጊዮርጊስ ጉልቻውን አውጥቶ አልጋ አስገባላት። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን ሰው እንደሚያድርበት ከታወቀ ትርፍ ቤት ይባልና ወደ ቀበሌ ይሄዳል። ከየካቲት ወዲህ ሕጉ ላልቷል ቢባልም ቀበሌው አልላላም። ገዢው ደግሞ ግቢውን ከሰው ጋር መካፈል እንደማይፈልግ፣ እንዲያ ከሆነ ግዢው እንደሚቀር ቁርጡን ተናግሯል።

ኃይለ ጊዮርጊስን ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤው ከቆመም ሰንብቷል። ሚስቱ ይርጋነሽ የግቢው በር በተንቋቋ ቁጥር እየዘለለች መነሣት ሰውነቷን ጨርሶታል። ሞጣ ከሴት ልጇ አጠገብ ልሁን ብላ ለመነች፤ ይህን እንዴት እምቢ ይሏታል? ባንቺዓለምም እሺ አለች። ሞጣ የተከራዩት ቤት ግን አንድ ክፍል ናት። "ክረምቱ ይውጣና እንወስድሻለን" ብሏታል ወንድሟ። እስከዚያ የት እንደምትሆን እሱም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች። የደከመ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ትናንት አልጋዋን ወደ ጎረቤቷ ወደ ዘይዳ ቤት ሲያሻግሩ ዘይዳ ሳትናገር አልቀረችም።

"ትርፍ ቤት ከተባለ ቀበሌ የሚያከራየው ለሚያድርበት ሰው ነው። በወር ሦስት ብር። እዚህ ነው የማድረው ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።"

"የወንድሜን ቤት አላፈርስም" አለቻት ባንቺዓለም። ሌሊቱን ግን ሦስት ብሩን ስታስበው አደረች፤ ሽንኩርት ቸርችራም ቢሆን አታጣውም። ሲነጋ ሆድ ይፍጀው ብላ እሳቱን አያያዘች።

ገማቾቹ ሲመጡ ዘይዳ ቤት መሆን ነበረባት። ጥላሸቱ አላልቅ ብሏት ቆየችና ሰዎቹ ግቢ ውስጥ ሳለች ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሜትር የያዘ ወጣት ቴክኒሻን፣ ሌላው ጸሐፊ። ትልቁን ቤት ለክተው፣ ቆርቆሮውን ቆጥረው ወደ ጓሮ ዞሩ። ቴክኒሻኑ ትንሹ ቤት ገብቶ እያሳለ ወጣ።

"ማድ ቤት ነው?"

"ማድ ቤት ነው፤ መዝገቡም እንዲያ ነው የሚለው" አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

ወጣቱ በሩ አጠገብ የቆመችውን አሮጊት አየ። ዓይኗ ቀልቷል፣ እጇ እስከ ክርኗ ጥላሸት ነው።

"እኚህስ?"

ኃይለ ጊዮርጊስ እኅቴ ቢል የት ነው የምታድረው መባሉ አይቀርም።

"ሠራተኛችን ናት" አለ።

ይርጋነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ባንቺዓለም መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። እናታቸው ስትሞት ይህን ሰው በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። ከቤቱ ውጪ ቢላት ትወጣ ነበር፤ ግድግዳዋንም በገዛ እጇ አጥቁራለታለች። ይህ ግን አንገበገባት። ወንድሟን አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"እማማ፣ የሚያድሩት ትልቁ ቤት ነው?" አላት ቴክኒሻኑ፣ ለነገሩ ያህል።

"የለም። እዚህ ነው የማድረው።"

"እትዬ..." አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

አልዞረችለትም።

"ማድ ቤቱ ውስጥ?" አለ ወጣቱ።

"አሥራ ሦስት ዓመት። ጎረቤት ጠይቅ።"

ወጣቱ ለጸሐፊው ምልክት ሰጠው። ጸሐፊው አዲስ ገጽ ገልጦ ስሟን ጠየቃት።

"ባንቺዓለም ወልደ ኪዳን።"

ጸሐፊው የአባቷን ስም ጽፎ ሳይጨርስ ቆመ። ወደ ፊተኛው ገጽ መልሶ የባለቤቱን ስም አነበበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ኃይለ ጊዮርጊስን አየው።

"እኅቱ ነኝ" አለች ባንቺዓለም። "እሱንም ጻፈው።"