በፈገግታ የተሸጡ ፍሬሞች

«እጅሽን አንሺ! እኔ ሳላይ አንድም ቁልፍ እንዳትነኪ!»

ባለሱቁ ከኋላዋ ተጠግቶ ስለጮኸ ትንፋሹ ጆሮዋ ላይ ተሰማት። ሴትዮዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። አምስት ዓመት በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከተባረረች ወዲህ ግን ስትቀመጥበት የዛሬው የመጀመሪያ ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ይንኩትና እኔ ልይ» አለች።

«ምላስሽ ዛሬም እንደሰላ ነው።»

የሥዕልና የፎቶ ፍሬም በሚሠራበት በዚህ ሱቅ ሁሉም ኮስታራዋ ነበር የሚላት። ዋጋ ታሰላለች፣ ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ነገር ግን አትስቅም። ከሁለት ወር በፊት ባለሱቁ ጠርቶ «በሥራሽ ነቀፋ የለኝም፤ ፊትሽ ግን ደንበኛ ያባርራል» አለና አሰናበታት። በቦታዋ የሚስቱን ታናሽ እህት አስቀመጠ። ልጅቷ ሳቂታ ናት፤ ደንበኛ በር ላይ ሳይደርስ ጥርሷ ይቀበለዋል።

ሳቂታዋ በገባች በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ በሰው ተጥለቀለቀ። አንድ ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው በማግስቱ አራት ይዞ ይመለሳል። ባለሱቁ ላገኘው ሁሉ «ፊት ማለት ይሄ ነው!» እያለ አወራ። ባለፈው ሳምንት ግን እንጨት ሊገዛ ወደ አስመጪው ሲሄድ፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ቀድሞ ከሚገዛው ግማሹን እንኳ አልሸፍን አለው። ደረሰኞቹን ሲያገላብጥ ክው አለ። ፍሬሞቹ የተሸጡት እንጨቱ በተገዛበት ዋጋ ነው። ያን ዕለት ስልክ አነሳና ኮስታራዋ ላይ ጮኸ፦ «በመጨረሻ ቀንሽ ኮምፒውተሩ ላይ ምን አጥፍተሽ ነው የሄድሽው? ካልመጣሽ የምንገናኘው በሕግ ነው!»

ሕጉ አይደለም ያስፈራት። በዚያው ሳምንት አንድ ፋርማሲ ለገንዘብ ተቀባይነት ፈትኗት ነበር፤ ሊቀጥሯት ፈልገዋል፤ የቀራቸው የቀድሞ አሠሪዋን መጠየቅ ብቻ ነው። የባለሱቁን ስልክ ቁጥር ጽፋ የሰጠቻቸው ራሷ ናት።

«አሁንስ ልንካው?» አለች።

«ንኪ። ቀስ ብለሽ።»

የእንጨቱ ዝርዝር ሲከፈት ነገሩ ወዲያው ገባት። የመግዣው ዋጋ በሙሉ ተጽፏል። ከጎኑ ያለው፣ የትርፉ ቀመር የሚገባበት ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ቀመር ካጣ የመግዣውን ዋጋ እንዳለ መሸጫ ያደርገዋል። ማዕዘን ሲቆረጥ የሚጣለው እንጨት፣ የቆራጩ ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ዓምድ ውስጥ ነበር። የመስታወቱ ቀመር በቦታው ስላለ ጠቅላላው ዋጋ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልሆነም፤ ሁለት ወር ማንም ያልነቃበትም ለዚህ ነው።

«ይኸው ባዶ!» አለ ባለሱቁ። «አላልኩም?»

ሳቂታዋ እጇን አጣጥፋ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የፍሬም ናሙናዎች ሥር ቆማለች። «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አለች። «ሰው ሲባረር ቂም ይይዛል፤ ምን ይደረጋል?»

ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብበት ገጽ አለው። ኮስታራዋ ያን ገጽ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ቀኑን ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

«እኔ ላንብበዋ። እኔ የወጣሁበት ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን። እኔ የወጣሁት በሦስተኛው ነው። የለወጠው ሰው ስም ደግሞ እዚህ አለ፤ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ? እኔ ይሄን ዕቃ ማብራትና ማጥፋቱን እንኳ አላውቅም!»

ጓዳ ያለው ቆራጭ መጋዙን አቆመ። «እሱስ እውነታቸውን ነው» አለ ሰጋቱራውን ከፂሙ ላይ እያራገፈ፤ «ማጥፋቱንም አይችሉበትም።»

ማንም አልሳቀም። የሳቂታዋ ጥርስ ተሰብስቧል። ኮስታራዋ ፊቷን አይታ ተረዳች።

«ታዲያ ማን ነው? ተናገሪ እንጂ!» አለ ባለሱቁ።

«የይለፍ ቃልዎን ለማን እንደሰጡ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ የራሴን ላጣራ ነው የመጣሁት።»

ባለሱቁ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ እህት ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

«አዲሱ የእንጨት ዋጋ መጥቷል፣ አስገቢ ያልከኝ አንተ አይደለህም ጋሼ?» አለች ሳቂታዋ። «አስመጪው የላከውን ዝርዝር እንዳለ በአሮጌው ላይ ገለበጥኩት። ሌላው አብሮ እንደሚጠፋ በምን ልወቅ? ማን አሳየኝ?»

«ሱቄን በሳቅ አራቆትሽው! በሳቅ!»

«ሰው ሲጎርፍማ ፊት ማለት ይሄ ነው ስትል ነበር!»

«ዝም በይ! ከዓይኔ ጥፊልኝ!»

በር ላይ የደረሰች አንዲት ደንበኛ የጠቀለለችውን ሥዕል ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ተመልሳ ማዶ ያለው ሱቅ ገባች።

ኮስታራዋ ይህን ሰዓት ሁለት ወር ሙሉ ስትመኘው ኖራለች፤ በሐሳቧም ደጋግማ አይታዋለች። አሁን ሲደርስ ግን የሰውየው ጩኸት ራሷን አዞራት እንጂ የጠበቀችውን ያህል አላስደሰታትም። ወንበሩን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

«ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች። «ከዚያ በፊት ግን ሊቀጥረኝ ወዳሰበው ፋርማሲ ይደውሉልኝ፤ ቁጥሩ ይኸው። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ።»

«ታስገድጂኛለሽ?»

«እምቢ ካሉ እሄዳለሁ።»

ባለሱቁ ጥርሱን ነክሶ ደወለ። «አዎ፣ አምስት ዓመት እኛ ጋ ሠርታለች… ታማኝ ናት፣ ምንም አልጎደለብንም… ከደንበኛ ጋር? እንግዲህ ፊቷ ብቻ ትንሽ…» ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። «…ፊቷም ደህና ነው» ብሎ ዘጋ።

ኮስታራዋ ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። ለቀጭኑ እንጨት የመግዣው ሁለት ተኩል እጥፍ። ለሰፊው ሁለት እጥፍ፤ ለተቀባው ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቀለሙ ሲቆረጥ ስለሚላጥ። በሥዕሉና በፍሬሙ መሃል የሚገባው ካርቶን የራሱ ቀመር አለው። እንጨቱን በየዓይነቱ፣ አንድ በአንድ ሞላችው። መሸጫው በየመስመሩ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስ ባለሱቁ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ከሰኞ ጀምሮ ተመለሺ» አለ በመጨረሻ። «ይቺን ወደ እህቷ እሰዳታለሁ።»

«አልመለስም።»

«የፈለግሽውን ሁኚ! ብቻ እንዲህ ያለ ጣጣ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፣ ታነሻለሽ» አለና ከማዶው ሱቅ የወጣችውን ያቺን ደንበኛ ሊያባብል እየተጣደፈ ወጣ።

ኮምፒውተሩ አጠገብ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ሳቂታዋ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ደስ አለሽ አይደል?»

«ትንሽ» አለች ኮስታራዋ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሁለት እርምጃ ተራመደች። በመስኮቱ በኩል ባለሱቁ ደንበኛዋ ፊት እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ ይታያል። ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ቁጭ በይ።»

«ለምን?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። የመጀመሪያውን ቀመር አጥፊው።»

«አሁን ያስገባሽውን? አብደሻል?»

«አጥፊውና ራስሽ መልሺው። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ያ ሰውዬ ዳግመኛ እንዳይደውልልኝ ነው።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ቁልፉን ስትጫን ሁለት መቶ የነበረው መሸጫ ወደ ሰማንያ ወረደ። ቀመሩን ጻፈች። ነጥቡን ስለረሳችው ዋጋው ሁለት ሺህ ሆነ። ፈርታ ቀና አለች።

«እንደገና» አለች ኮስታራዋ፣ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ እየተቀመጠች።