ከፊርሚን ፊት ያለው ነፋስ

ዝናቡ በጥቅምት ጀመረ፤ እስከ መጋቢት አላባራም። ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ በሰበሰ። ማሳ የገባ ትራክተር ሰጠመ፤ እሱን ሊጎትት የሄደውም ሰጠመ። ቦዮቹ ሞልተው ከመንገዱ እኩል ሆኑ። የላሞቹ ሰኮና በእርጥበት ላላ። የበሰበሰ ድንች ሽታ ከልብስ አይለቅም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ይሸት ነበር። በጥር የፊርሚን ሚስት ዙልማ ሞተች። መቃብሯ ሲቆፈር ውሃ እየሞላ አስቸገረ። በፓምፕ እየቀዱ ነው የቀበሯት።

ፊርሚን ጎረቤቴ ነው። በመካከላችን አንድ ቦይና አንድ ረድፍ ዛፍ አለ። ከቀብሩ በኋላ ኮቱን እንደለበሰ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሾርባ ስወስድለት "አስቀምጠው" ይላል። በማግስቱ ስሄድ ሾርባው ቆዳ አውጥቶ እዚያው ነው። በየካቲት ላሞቹን ሸጠ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል አለው። ጌንት ከተማ የምትኖረው ልጁ በየሳምንቱ እየመጣች የአረጋውያን ቤት ቦታ እንደያዘችለት ትነግረዋለች። እሱ ግድግዳውን ያያል።

በሚያዝያ በሬን አንኳኳ። ጺሙ አድጎ ነበር።

"ዘንድሮ ትመጣለህ" አለኝ።

የሚለው ገብቶኛል። የመንደራችን ብስክሌተኞች በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ማግስት ትልቁን ዙር ይሄዳሉ፤ እስከ ደቡብ ኮረብታዎች ደርሶ መልስ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ፊርሚን አንድም ዓመት አልቀረም። እኔ አንድም ዓመት አልሄድኩም። ብስክሌቴ ከማሳና ከቤተ ክርስቲያን አልፎ አያውቅም።

"ልብህ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ይመታል።"

"ሐኪሙስ ምን አለ?"

"ሐኪሙ ብስክሌት የለውም።" እንደቆመ በሩን ተደገፈ። "ስማኝ ኦዲል። ዞሬ በገዛ ጎማዬ መንደር ከገባሁ ቤቴ እኖራለሁ። መጥረጊያው መኪና ላይ ከወጣሁ ልጄ ያመጣችውን ወረቀት እፈርማለሁ። እዚያ ደግሞ ብዙ አልከርምም። ታውቀኛለህ።"

አውቀዋለሁ። መጥረጊያው መኪና ከሰልፉ ኋላ እየተከተለ የደከመውን የሚለቅም ቫን ነው። ጣሪያው ላይ የምር መጥረጊያ ይታሰርበታል። የሚነዳው የቢራ ቤቱ ባለቤት ዊልፍሪድ ነው።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። በወጣትነታችን ከድርቆሽ ማማ ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ፊርሚን ጠዋትና ማታ የራሱን ላሞች አልቦ ሲጨርስ ቦዩን ተሻግሮ የእኔን ያልብ ነበር። በጸደይ ቆሜ መሄድ ስጀምር ጥሩ ጥጃ ሰጠሁት። በማግስቱ ጥጃው የእኔ በር ላይ ታስሮ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ምንም ልሰጠው ብሞክር አልተቀበለኝም። ነገሩንም አንስቶት አያውቅም። አንዳንድ ሰው መስጠት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን መኖር ይከብዳል።

አሮጌውን ብስክሌቱን አውርዶ ሰጠኝ። በዕዳ ላይ ዕዳ ሆነብኝ።

የዙሩ ዕለት የሰሜን ነፋስ ነበር፤ ደረቅና ቀዝቃዛ። ሰልፉን የምትመራው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሊዘሎት ናት። ድምጿ እንደ ፊሽካ ነው።

"ሁለት ሁለት! ፊት ያለው ነፋሱን ይይዛል፤ ሲደክመው ክርኑን ያወዛውዛል፤ ቀጣዩ ይተካል! ብቻውን የሚሮጥ አርበኛ እዚህ አያስፈልገኝም!"

ፊት ያሉት ሁለቱ ነፋሱን በደረታቸው ሲከፍሉት ከኋላ ያለው በጀርባቸው ከለላ በግማሽ ጉልበት ይሄዳል። ተራ በተራ ነው። በእኛ አገር ሜዳው ዛፍ ስለሌለው ሰው ነው ዛፉ።

እኔ ግን ከሰልፉ ወጣ ብዬ በግማሽ ሜትር ጎን ለጎን ሄድኩ። ሰው ጀርባ ተደብቆ መሄድ በሰው ላብ መኖር መሰለኝ። ወደ ደቡብ ስንሄድ ነፋሱ ከኋላችን ስለነበር ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም ጉልበቱ የራሴ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ነፋስ ውስጥ ኖሬ እንዲህ ተታለልኩ።

ከኮረብታዎቹ ሥር የሩዝ ኬክ በልተን ፊታችንን ወደ ሰሜን አዞርን። ነፋሱ እንደ ግድግዳ ተቀበለን።

"አጎቴ ኦዲል፣ ከጀርባዬ ይግቡ እንጂ!" አለች ሊዘሎት።

"ደህና ነኝ።"

"ምን ደህና! የመርከብ ሸራ ሆነዋል እኮ!"

"ተዪው" አለ አንዱ ከኋላ፤ "ነፋሱን ሊያርሰው ነው!"

ሳቁ። ፊርሚን አልሳቀም። "የሰው ጀርባ ቀረጥ የለውም፣ አንተ ግትር" አለኝ። አልገባሁም።

አንድ ቦይ ዳር ላይ እግሬ ባዶ ሆነ። ሕመም የለውም፤ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነው፤ ባልዲ ትጥላለህ፣ ምንም አይወጣም። ሰልፉ አንዴ ዝግ አለልኝ። ሁለተኛም ዝግ አለልኝ። ሰዎቹ ላብ እየበረደባቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ፊርሚን ወደ ኋላ ቀርቶ አጠገቤ መጣ።

"እናንተ ሂዱ" አላት ሊዘሎትን። "የመጨረሻው ድልድይ ላይ ጠብቁን።"

"አጎቴ ፊርሚን፣ እርስዎ እንኳ ከሰልፉ አይውጡ። ቃል ገብተውልኛል።"

"ዋሽቼሽ ነበር። ሂጂ።"

ወጉ እንዲህ ነው፤ አብሮ የወጣ አብሮ ይገባል። ከመጨረሻው ድልድይ ወዲያ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም መንደር አይገባም። ሄዱ። ጀርባቸው እያነሰ ሲሄድ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት የገባኝ። ልቡ የደከመውን ሰው ከሃያ ሰው ከለላ አውጥቼዋለሁ።

"ግባ" አለኝ ፊርሚን፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ገባሁ። ነፋሱ ድንገት ቆመ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ከኪሱ የሩዝ ኬክ ቁራጭ አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበለኝ፤ በልቼው ቀስ በቀስ እግሬ ተመለሰ። የእሱን አንገት ግን አየው ነበር። በመጀመሪያ ቀላ። ቆይቶ ነጣ። ቀጥሎ ጆሮው እንደ ቀይ ሥር ሆነ። ከብት ሲታመም ከጆሮው ይታወቃል፤ ጆሮውን ማየት አልተውኩም።

"በቃ፣ ክርንህን አወዛውዝ" አልኩት።

"ዝም ብለህ ንዳ።"

ብስክሌቱ ወደ ሣሩ አጋደለ። ሳይወድቅ ወረደ። ቦዩ ዳር ተቀምጦ እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። መጥረጊያው መኪና ደርሶ ቆመ። ዊልፍሪድ ጠዋት ስንነሳ "ወንበሩን አሙቄላችኋለሁ፣ ጎረምሶች!" እያለ ሲያላግጥ ነበር። አሁን አላላገጠም። ወርዶ የጎኑን በር ከፈተ።

"ፊርሚን፣ ይበቃል። ማንም ምንም አይልህም።"

ፊርሚን የተከፈተውን በር አየ። ብዙ አየው። ግድግዳውን ሲያይ እንደነበረው ነው ያየው። ከዚያ እጁን ለዊልፍሪድ ዘረጋ፣ እንዲያነሳው።

"በሩን ዝጋ" አልኩ።

"ኦዲል፣ ሰውዬው እየሞተ ነው!"

"መኪናው ውስጥ ከገባ ነው የሚሞተው። ዝጋው። ፊርሚን፣ ከኋላዬ ትሄዳለህ።"

"ተራዬን ሳልወስድ በሰው ጀርባ ሄጄ አላውቅም" አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

"ጥጃዬን መልሰህብኛል። ይሄን አትመልስም።"

ዊልፍሪድ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ፊርሚን ተነሳ። ብስክሌቱን ዊልፍሪድ ያዘለት፤ እግሩን ኮርቻው ላይ ለማሳለፍ በሁለት እጁ ማንሳት ነበረበት። "ከኋላ እሆናለሁ" አለ ዊልፍሪድ። በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው።

ፊት ሆንኩ። ከሚራመድ ሰው ብዙም አንፈጥንም ነበር። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ለመጥረግ እጄን ከመሪው ማንሳት አልደፈርኩም። በቀኝ ቦዩ ነው፣ በግራ የበሰበሰው ማሳ። ትንሽ እንደሄድን ፊርሚን በጎኔ ብቅ አለ።

"ክርንህን አወዛውዝ!"

"አላወዛውዝም።"

"ተራዬ ነው!"

"አይደለም።"

"ሌባ! ተራዬን እየሰረቅከኝ ነው! ለሊዘሎት እነግራለሁ!"

"ንገራት። መጀመሪያ ድረስ።"

ተመልሶ ከኋላዬ ገባ። ከዚያ ዝም አለ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር። ዞሬ እንዳላየው ሚዛኔ አይጠበቅም፤ ቦዩ ውስጥ እገባለሁ፣ እሱም ተከትሎኝ ይገባል። "ፊርሚን!" አልኩ። መልስ የለም። ነፋሱ የጎማውን ድምፅ እየወሰደ ወደ ኋላ ይጥለዋል። "ፊርሚን!" ምንም። ወድቆ ቢሆን ዊልፍሪድ ክላክስ ያደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። ዊልፍሪድም ወርዶ እሱን ሊያነሳ ሄዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ጀርባዬን ለማንም ሳልሰጥ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን እየነዳሁ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። መቆምም አልቻልኩም። ካቆምኩ፣ እሱም ከኋላዬ ካለ፣ እንደገና አይነሳም።

ነዳሁ። ጸሎት ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው መስመር አላለፈልኝም።

"ቀጥ በል!" አለ ድምፅ ከኋላዬ፣ ቅርብ። "እንደ ሰከረ በሬ አትወላገድ። ስትወላገድ ነፋሱ ያገኘኛል።"

ቀጥ አልኩ።

ድልድዩ ላይ ሁሉም ቆመው ነበር። ብርዱ ከንፈራቸውን አጥቁሮታል፤ አንዳንዱ የዝናብ ላስቲክ ተከናንቧል። አንድም ሰው አልሄደም። ያጨበጨበም የለም። ሊዘሎት አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገችና "ሁለት ሁለት!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ግን ተሰነጠቀ። ፊርሚንን መሀል አስገቡት። እኔንም አጠገቡ። ዙሪያችንን ከበው፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው፣ መንደር አስገቡን።

አደባባዩ ላይ ፊርሚንን ከብስክሌቱ ለማውረድ ሁለት ሰው አስፈለገ። ዊልፍሪድ ወንበር አመጣ። አልተቀመጠም። ብስክሌቱን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ። የጆሮው ቀለም ተመለሰ።

"ኦዲል።"

"ምን?"

"ያ ላሞችህን ያለብኩበት ክረምት።"

ከዚያ በፊት አንድም ቀን አላነሳውም።

"አዎ" አልኩት።

"የግራዋ ላም ትራገጥ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ተከፍሏል" አለ። በከብት ገበያ ዋጋ ሲቆረጥ እንደሚደረገው መዳፉን ዘረጋ። መታሁት። የሁለታችንም እጅ ደንዝዞ ስለነበር ድምፁን ሰማን እንጂ ሌላ አልተሰማንም።