‹ምን አገባህ› የሚሉት ውሻ

ሲልቫን ባንሴ ውሻውን ‹ምን አገባህ› ብሎ የሰየመው ጎረቤቱን ኖርቤር ባዶን ለማናደድ ነበር። በሬዮ ከተማ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊለው ያልደፈረውን በውሻው ስም ይለዋል። አንዱ ውሻውን ‹ቀናተኛ ይሙት› ይለዋል፣ ሌላው ‹ሁሉንም አያለሁ›። ሲልቫን ግን ቂም አልነበረበትም። ማታ ማታ የራት ትራፊውን ይዞ ደጁ ላይ ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምን አገባህ! ና ብላ!» ሲል፣ ከግንቡ ወዲያ ኖርቤር ሽንኩርቱን ውሃ እያጠጣ ይመልስለታል።

«አገባኝ እንጂ! የራሴ ሥጋ ነው። ደህና አድርገህ ቀልበው!»

«ዓይንህን ከውሻዬ ላይ አንሳ፣ አንተ ውሻ በሊታ!»

«ኦቾሎኒ በሊታ! መጀመሪያ ጥርስህን ፍቀህ አናግረኝ!»

ሲልቫን በጎሳው ቢሳ ነው፣ ኖርቤር ጉሩንሲ። ቢሳና ጉሩንሲ ከቅድመ አያት ጀምሮ የስድብ ዘመዳሞች ናቸው። ጉሩንሲው ቢሳውን በኦቾሎኒ ይሰድበዋል፣ ቢሳው ጉሩንሲውን በውሻ ሥጋ፤ የተሰደበ አይቆጣም። የተቆጣ እንደሆነ አገር ይስቅበታል፣ የሞቱ አያቶችም ያዝኑበታል። ሲልቫን ከአገሩ ከጋራንጎ ተነስቶ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ አንድ የብስክሌት ፓምፕና አንድ መፍቻ እንጂ ወንድምም አጎትም አልነበረውም። የመጀመሪያ ቀኑን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጎማ ሲጠግን፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ሽንኩርት የጫነ ብስክሌት እየገፋ መጥቶ የቤተሰቡን ስም ጠየቀው። «ባንሴ» ቢለው፣ ሰውዬው ወደ ገበያው ዞሮ «ሰዎች፣ ጓዳችሁን ዝጉ! የኦቾሎኒ ሌባ ገብቷል!» ብሎ ጮኸ። ያን ዕለት ሲልቫን ዘመድ አገኘ። ሰውዬው ኖርቤር ነበር። ቤት መሥሪያ ቦታም ከግቢው ጎን ያስገኘለት እሱ ነው።

ሁለቱን ግቢ የሚለየው የጭቃ ግንብ በዚያ ዓመት ዝናብ መሃሉ ላይ ተደረመሰ። ኖርቤር «ኦቾሎኒ የበላ ሰው ተደግፎበት ነው፣ አንተ ሥራው» አለ። ሲልቫን «ውሻ ሲያሳድድ የተጋጨበት አንድ ጉሩንሲ ነው» አለ። እንዲህ ሲባባሉ ክረምቱ ተጋመሰ፣ ግንቡም እንደፈረሰ ቀረ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ማለዳ፣ ሲልቫን ደጁ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ ኖርቤር በግንቡ ፍርስራሽ መሃል መጥቶ ቆመ።

«ባንሴ፣» አለ፣ «ውሻህ በጌን በላው።»

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ኖርቤር ውሻውን ሳይከስ ውሎ አያውቅም። አንድ ቀን «ውሻህ ቲማቲሜን በላ» ይላል፣ ሌላ ቀን «የሚስቴን ጫማ በላ፣ በካሳው ውሻውን አስረክበኝ»። ስለዚህ ሲልቫን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና፣ ውሃ ቀድተው የሚመለሱት ሴቶችም እንዲሰሙለት ጮክ ብሎ፣

«እናንተ በዘር በትውልድ ውሻ ስትበሉ ኖራችሁ፣ ዛሬ አንድ ውሻ አንድ በግ ቢበላባችሁ ለቅሶ ልትቀመጡ ነው? ይልቅ ቆዳውን ላክልኝ፣ እተኛበታለሁ!» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ የተሸከመችው ውሃ እስኪፈስ ሳቀች።  ሲልቫን መልሱን ሊቀበል ቀና ሲል የኖርቤርን እጆች አየ። እስከ ክርናቸው ደም ነበሩ። ከኋላው ደግሞ ምን አገባህ ፍርስራሹን ዘልሎ መጣ፤ ጅራቱን እየቆላ፣ አፍንጫው ቀይ እንደሆነ፣ ጌታውን ደህና አደርክ ሊል።

ሲልቫን መፋቂያውን ጥሎ ተነሳ።

በጉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የኖርቤር እናት በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች፣ በዚያው ሰሞን የተወለደ ነጭ ጠቦት አስመጥታ በእጇ እየዳበሰች «ሐዘኔን በዚህ ዝጉልኝ» ብላ ነበር። ሐዘኗ እስኪዘጋ ድረስ የሞተች እናት ከቅድመ አያቶቿ ቤት አትገባም፤ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ኖርቤር ያን ጠቦት አውራ በግ እስኪሆን በእጁ አሳድጎት፣ ከመኸር በኋላ ሊያርደው ቀን ሲጠብቅ ነበር። አሁን ከጎተራው ሥር ጉሮሮው ተዘንጥሎ ተኝቷል፤ የኖርቤር ታላቅ እህት ክሌማንስ ጆንያ ስታለብሰው ሲልቫን ደረሰ።

«ኖርቤር፣ እኔ እኮ እንደ ወትሮው...»

«አውቃለሁ አቶ ባንሴ፣» አለ ኖርቤር እጁን እየታጠበ። «ቀልድ ነው። አይጨነቁ።»

አቶ ባንሴ። አይጨነቁ። ሲልቫን ቆሞ የሚመጣውን ስድብ ጠበቀ፤ አልመጣም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲሉ ሰምቶ ያውቃል። የራሱ ምላስ ምን እንደሰበረ የገባው ግን ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቱ ከገበያ ነጭ አውራ በግ ጎትቶ መጣ። ኖርቤር በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ወንበር አቀረበለት፣ ውሃ አስመጣለት። «እግዜር ይስጥልን። ደግ ሰው ነዎት። ግን ይህኛውን እናቴ አላየችውም» አለ። ሲልቫን በጉን እየጎተተ ተመለሰ። መንገድ ላይ በጉ እየጮኸ ሰው ሁሉ ከየበሩ ብቅ ይል ነበር።

ከዚያ ኖርቤር ግንቡን ለብቻው መሥራት ጀመረ። ጭቃውን ረገጠ፣ ጡቡን ደረደረ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲልቫን በሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ቢመጣ «አይልፉ፣ ሥራ ይጠብቅዎታል» አለው። ሲልቫን ግቢው ውስጥ፣ ጎማ በሚጠግንበት የኒም ዛፍ ሥር ሆኖ የብስክሌት ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ሲፈልግ፣ ዓይኑ ከግንቡ አይነቀልም ነበር። መጀመሪያ የኖርቤር ሙሉ ቁመና ይታየው ነበር፣ ቀጥሎ ከደረቱ በላይ፣ ቀጥሎ የሣር ባርኔጣው ብቻ። በመጨረሻ ባርኔጣውም ጠፋ።

ውሻውን በአሮጌ የብስክሌት ካቴና ከኒሙ ዛፍ ጋር አሰረው። ደንበኛው ሁሉ መካሪ ሆነ። «የበግ ደም የቀመሰ ውሻ ሁለተኛ ገንፎ አያምረውም» አለው አንዱ። «ከኔ ላከው፣ ጠላ ቤት አደርስልሃለሁ። በበርበሬ ሲጠበስ ኃጢአቱ ሁሉ ይለቀዋል።» ሲልቫን ያን ሰው ጎማውን ሳይጠግንለት ሰደደው። ግን እሱም ቢሆን ውሻውን እንደ ድሮው ማየት አቃተው። እስከዚያ ይወደው የነበረው ይህ ሳይሆን ሌላ ውሻ ይመስለው ጀመር። በሕልሙ ነጩ በግ መጥቶ ብስክሌት ጠግንልኝ ይለዋል፤ ጎማውን ሲፈታው ደም ይፈሳል።

የሁሉ የከፋው የራት ሰዓት ነበር። ያን ስም እንዴት አድርጎ ይጥራው? በዚያ ግንብ ላይ፣ ለዚያ ሰው፣ «ምን አገባህ!» ብሎ ሊጮህ? ስለዚህ ምግቡን ዝም ብሎ ያስቀምጥለታል። ውሻው ግን ስሙ ካልተጠራ አይበላም፤ እንዲያ ነው የለመደው። ሳህኑ ላይ ቆሞ፣ ጆሮውን ቀስሮ ጌታውን ያያል። ሲልቫን በመጨረሻ ይንበረከክና ስሙን በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ያን ጊዜ ይበላል።

መኸሩ ገብቶ ሜዳው ከደረቀ በኋላ ክሌማንስ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት እየገፋች መጣች። ክሌማንስ ጠላ ጠማቂ ናት፤ ምላሷ ከጠላዋ ይልቅ ያሰክራል።

«ጎማዬ ተነፈሰ ሲልቫን። እንዳንተ።»

«እትዬ፣ ወንድምሽ ተቀይሞኛል።»

«ማን አለህ? ጉሩንሲ በቢሳ መቀየም ይችላል እንዴ? ቢችልማ አንድ ቀን መጥቶ በዱላ ጀርባህን ይልህና ያልቅ ነበር። መቀየሙ ነውር ስለሆነበት ነው እንዲህ ከውስጥ የሚበላው። ጨዋ ሆኖ ቀረ! ቤት ውስጥ ሚስቱን እንኳ እርስዎ ሊላት ምንም አልቀረው።»

ሲልቫን ማስቲሹን ጎማው ላይ እየቀባ፣ «የእናታችሁ ሐዘን መዝጊያ ደርሷል አሉ» አለ።

«ደርሷል። በጉን የወለደችው በግ ሌላ ጠቦት ነበራት፣ ዝንጉርጉር። ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ እሺ አሉ።»

«አልጠራኝም።»

«ቢሳ በጥሪ ነው እንዴ የሚመጣው? ዝንብን ማን ይጠራዋል?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ገታችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ልጄ። ሬሳዋን ስንቀብር መንገድ ዘግቶ የሰደባት ያንተው አገር ሰው ነበር፣ እሱም ሞቷል። አሁን ሐዘኗ ሊዘጋ ዕቃዋ ሲወጣ የሚሰድባት ከሌለ፣ እዚያ ላሉት አያቶች ምን ብላ ትነግራቸዋለች? ‹ሰው አልነበረኝም› ትበል?»

«ብመጣና በሰው ፊት እርስዎ ቢለኝስ?»

ክሌማንስ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። «ያኔማ ፓምፕህን ይዘህ ጋራንጎ ትገባለህ። ምን ትሆናለህ እዚህ?»

ሐዘኑ የሚዘጋበት ቀን ከበሮው ገና በማለዳው ጀመረ። ሲልቫን አንድ ብስክሌት ሁለት ጊዜ ፈታ፣ ሁለት ጊዜ ገጠመ። ከዚያ ተነሳና ውሻውን ከካቴናው ፈታው። ምን አገባህ ከዝናቡ ወቅት ወዲህ መንገድ ወጥቶ አያውቅም፤ ደስታው ሌላ ሆነ። ሲልቫን በአንገቱ ገመድ ሲያስርለት እጁን ይልስ ነበር።

«ተው» አለው ሲልቫን። «ተው እባክህ።»

ሴቶቹ የሟቿን ቅልና ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ከግቢው ሲወጡ፣ ኖርቤር ዝንጉርጉሩን በግ እየሳበ ከፊት ነበር። ሲልቫን ውሻውን በገመድ እንደያዘ መንገዱ መሃል አቧራው ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ከበሮው ቆመ።

«አታልፍም!» ብሎ ጮኸ ሲልቫን ወደ ሰማይ እያየ። «ይህች አሮጊት አታልፍም! ኦቾሎኒዬን በዚህ ቅርጫት ሰርቃ ሰርቃ፣ ጥርሷ ሲያልቅ ሞተች! ልጇንም ያሳደገችው በኔ ኦቾሎኒ ነው፣ ለዚህ ነው እንደ ቀርከሃ የረዘመው! ዕዳዬን!»

ሰዉ ሳቀ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ረገበ፤ መመለስ ያለበት ሰው አልመለሰም። ሲልቫን ከታች ሆኖ የኖርቤርን አገጭ ብቻ ያያል። አገጩ አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ሲልቫን የውሻውን ገመድ ዘረጋለት።

«እሺ፣ ካልከፈልክ ይኸው ውሰድ። ስትለምነኝ የኖርከው ሥጋ ነው። ብላውና ይውጣልህ።» ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረበት። ሰዉ ያንንም ጨዋታ መስሎት አጨበጨበ። ኖርቤር ግን ሰማው።

ኖርቤር ውሻውን አየው። ውሻው ጅራቱን ቆላለት። ከዚያ መሬት የተኛውን ሰው አየ። እጁን ሰደደና ገመዱን ተቀበለ።

«ይሄ ነው ውሻ?» አለ። ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። «አጥንት በቆዳ ጠቅልለህ ታመጣልኛለህ? የኦቾሎኒ ልጣጭ እየቀለብከው አይደል፣ አንተ የጋራንጎ ሌባ! ተነስ ከመንገድ፣ እናቴ ከሽታህ የተነሳ ታነጥሳለች!»

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ከበሮው ቀጠለ። ሲልቫን አቧራውን እያራገፈ ተነሳ፤ ክሌማንስ ስታልፍ በክርኗ ጎሰመችው፣ ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። ሰልፉ የሟቿ ዕቃ ወደሚጣልበት መስቀለኛ መንገድ ወረደ። ምን አገባህ ከበጉ ጎን እየተሳበ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አንገቱን አዙሮ ጌታውን ፈለገ።

በስድብ ዘመድ እጅ የገባ ነገር መልስልኝ አይባልም። ምን ልታደርገው ነው ተብሎም አይጠየቅም። ሲልቫን ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ከግንቡ ወዲያ ዘፈን ነበር፣ የጥብስ ሽታም ነበር። የበግ ይሁን የሌላ አልለየውም። ራት አልበላም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዛፉ ሥር ጎማ ሲጠግን የውሻውን ጩኸት ሰማ። ከግንቡ ወዲያ፣ ያው የሚያውቀው ሻካራ ጩኸት ነበር። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ከበጎቹ ፊት ነው የሚያስረው» አለችው ክሌማንስ ኋላ። «እየተያዩ ይለምዱ ብሎ። ‹ያጎደለ ይሙላ፣ ይጠብቅልኝ› ይላል።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በኖርቤር ድምፅ «ምን አገባህ! ና ብላ!» የሚል ጥሪ ግንቡን ተሻግሮ ይመጣል። ውሻው ተጠርቶ ይበላል።

አንድ ቀን ሲልቫን የጠገነውን ብስክሌት ሊያደርስ በኖርቤር በር ሲያልፍ፣ ምን አገባህ ከበጎቹ መሃል ተነስቶ ጥርሱን አሳየው። ጮኸበት፣ እንደ ማንም መንገደኛ።

«አትፍራ!» አለ ኖርቤር ከሽንኩርቱ መደብ ቀና ብሎ። «አንተን አይደለም። የኦቾሎኒው ሽታ ነው ያስጮኸው።»

ሲልቫን መመለስ ነበረበት። ሰው እየሰማ ነው። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደገፈና፣ «እኔን ተውና ራስህን ጠብቅ!» አለ። «ስንት ዘመዶቹን እንደበላህ የነገሩት ቀን፣ ካንተም አጥንት አይተርፍ!»

ኖርቤር ሳቀ፤ ግንቡ ከመፍረሱ በፊት ይስቅ የነበረውን ሳቅ፣ ወገቡን ይዞ። ሲልቫንም ሳቀ።

ማታ ራቱን ሲጨርስ እጁ እንደ ልማዱ አጥንቱን ለየ። ይዞት ደጅ ወጣ። ወደ ኒሙ ዛፍ አየ፤ ካቴናው ብቻ መሬት ላይ ተጋድሟል። አጥንቱን በግንቡ ላይ ወረወረው። ወዲያ ማዶ መውደቁን ሰማ፣ ጥርስ ሲያገኘውም ሰማ።

«ባንሴ!» አለ የኖርቤር ድምፅ። «ይህን የወረወርከው ለኔ ነው ለውሻዬ?»

«ተካፈሉት!» አለ ሲልቫን።

አጥንቱ ተሰባብሮ እስኪያልቅ ድረስ ግንቡን ተደግፎ ቆመ።